ዶላሩን ሰጥቼው ጋዜጣውን ብተውለት ምን አጠፋሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መንገድ ዳር ቆመው ጋዜጣ ስለሚሸጡ ቤት አልባ ሰዎች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። ደብዳቤው ግን እስካሁን አላቆመም። ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከለንደን፣ ከሲያትል፣ ከአዲስ አበባ ጻፋችሁልኝ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የዚህ ጉዳይ ነው። አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የማንም ስም አይወጣም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ዲሲ መሃል ከተማ። ከሜትሮ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ሰውዬ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጋዜጣ ይዞ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን የሚለምን መስሎኝ በሆዴ «እግዜር ይስጥህ» እያልኩ አልፈው ነበር። በኋላ አንጀቴን በላውና አልፎ አልፎ አንድ ዶላር መስጠት ጀመርኩ። ጋዜጣውን ሲዘረጋልኝ «ይቅር፣ ለሌላ ሰው ሽጠው» እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ዶላሬን መለሰልኝ። «ጋዜጣውን ካልወሰድሽ አልቀበልም» አለኝ። ክው አልኩ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ክፉ ነገር አልሠራሽም። ሰውዬው ግን እውነት አለው። እሱ ነጋዴ ነው። እጁ ላይ ያሉትን ጋዜጦች በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛቸው።

ጋዜጣው ስትሪት ሴንስ ይባላል። ዋሽንግተን ውስጥ ከ2003 ጀምሮ እየወጣ ነው። እንዲህ ያሉ ጋዜጦች በብዙ ከተሞች አሉ፤ አሠራራቸውም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ሻጩ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ይሄድና ትናንት ካገኘው ላይ ቆጥሮ የቻለውን ያህል ኮፒ ይገዛል። ከዚያ ቦታው ሄዶ ይቆማል። በመግዣውና በመሸጫው መካከል ያለው ልዩነት የሱ ትርፍ ነው። ሳይሸጥ የቀረው ደግሞ የሱ ኪሳራ ነው፤ ብዙዎቹ ጋዜጦች የተረፈውን መልሰው አይቀበሉም። ለጀማሪ ግን መነሻ እንዲሆነው ጥቂት ኮፒ በነፃ የሚሰጡ አሉ።

በቁጥር ላሳይሽ። ቢግ ኢሹ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ለሻጩ በ2 ፓውንድ እየተሰጠ በ4 ፓውንድ ሲሸጥ ቆይቷል። የሲያትሉ ጋዜጣ ሪል ቼንጅ ደግሞ ለዓመታት ለሻጩ በ60 ሳንቲም እየተሰጠ በ2 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። እንግዲህ በዚያ ዋጋ ለንደን ላይ አንድ ሰው በቀን 40 ፓውንድ ላትርፍ ካለ 20 መጽሔት መሸጥ አለበት። ያን 20 መጽሔት ለመግዛት ደግሞ አስቀድሞ 40 ፓውንድ ኪሱ ውስጥ መኖር አለበት። በር የሚዘጋበት ቤት የሌለው ሰው 40 ፓውንድ ሳይሰረቅ፣ ሳይበላው፣ ሳይጠጣበት እስከ ጠዋት ማቆየት ምን ያህል ትግል እንደሆነ እስቲ አስቢው። ያ ሰውዬ ከአንቺ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይሄን ትግል አሸንፎ ነው የመጣው።

«እግዜር ይስጥህ» የሚለውን ቃል በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ይሄ ቃል ከኛ ጋር ያደገ ነው። የሚሰጡት ሲያጡ ለየኔ ቢጤ የሚባል የአክብሮት ቃል ነው፣ ውስጡም ጸሎት አለ። ግን ለነጋዴ አይባልም። ጉልት ላይ ቲማቲም የደረደረች ሴት ዘንድ ሄደሽ ገንዘቡን ሰጥተሻት ቲማቲሙን «ይቅር፣ ለሌላ ሽጪው» ብለሻት ብትሄጂ ምን ትላለች? አንዷ ትመርቅሻለች። ሌላዋ ደግሞ ጠርታ ትመልስልሻለች፣ «እኔ ለማኝ አይደለሁም» ትልሻለች። የአንቺ ሰውዬ ሁለተኛዋን ሴት ነው የመሰለው።

ሁሉም ሻጭ እንደሱ ነው ማለቴ አይደለም። ጋዜጣውን ትተውለት ሲሄዱ ደስ የሚለው አለ፤ ያንኑ ኮፒ ደግሞ ይሸጠዋልና። ጉርሻውንም የሚፈልገው ብዙ ነው። ግን የአንቺው ሰው ምን እንደሚፈልግ ነግሮሻል። ስለዚህ ዋጋው ጋዜጣው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ክፈዪና ጋዜጣውን ውሰጂ። ከቻልሽ አንብቢው። ዲሲ ውስጥ ስለ መጠለያ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከቤታቸው ስለሚባረሩ ሰዎች ሌላው ጋዜጣ በአንድ አንቀጽ የሚያልፈውን እነሱ ገጽ ሙሉ ይጽፉታል። ግጥምም አለው፤ ግጥሙን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው።

እንደ ገባኝ ግን አንቺን ያስደነገጠሽ የዶላሩ መመለስ ብቻ አይደለም። ስንት ወር አልፈሽው ስትሄጂ ፊቱን አላየሽውም ነበር፤ ዶላሩን ሲመልስልሽ ነው ያየሽው። ነገ ስሙን ጠይቂው። ባጁ ላይም ተጽፎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው ያለሁት። አትቀየመኝና እኔ ይሄን ነገር አላምነውም። እኔ ሰፈር ቢግ ኢሹ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከሮማኒያ የመጡ ሴቶች ናቸው። ስልክ ይዘዋል፣ ማታ ባስ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ታዲያ ቤት አልባነቱ ምኑ ላይ ነው? እየተሸወድን አይደለም? ለመሆኑ ይሄን ነገር የጀመረው ማነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም ቅያሜ የለም። በግልጽ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር።

ሥራ ፍለጋ በባቡር እየተሳፈሩ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የአሜሪካ የቀን ሠራተኞች ሆቦ ኒውስ የሚባል ጋዜጣ በ1915 ጀምረው መንገድ ላይ ይሸጡ ነበር። የዛሬዎቹ ግን የሚቆጠሩት ከ1989 ነው። በዚያ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ስትሪት ኒውስ ወጣ፤ ሻጮቹ ቤት አልባ ሰዎች ነበሩ። ጎርደን ሮዲክ የሚባል የብሪታንያ ነጋዴ ኒውዮርክ ሄዶ ይሄን ጋዜጣ አየ። ቦዲ ሾፕ የሚባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ መሥራች የነበረችው የአኒታ ሮዲክ ባል ነው። አገሩ ተመልሶ ለድሮ ወዳጁ ለጆን በርድ ነገረው፤ ሁለቱ ሆነው በመስከረም 1991 ለንደን ውስጥ ቢግ ኢሹን ጀመሩ።

ጆን በርድን ልብ ብለህ እየው። ይሄ ሰው ድህነትን ከመጽሐፍ አይደለም የተማረው። በአምስት ዓመቱ ቤተሰቡ ቤት አጥቶ ነበር፣ ከዚያ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ፣ ከፍ ሲል እስር ቤትም መንገድ ዳርም አድሯል። እና ለቸገረው ሰው ምጽዋት መስጠት ብቻውን እንደማያነሳው ከራሱ ያውቅ ነበር። የመጽሔቱ መፈክር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምጽዋት ሳይሆን ድጋፍ፣ እጁን ይዞ ማንሳት» እንደማለት ነው። በ2015 የእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ክፍል፣ የጌቶች ምክር ቤት አባል ሆኗል። ድርጅቱ እስካሁን ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች መጽሔቱን ሸጠው ገቢ እንዳገኙበት ይናገራል። በ1994 ደግሞ በየአገሩ ያሉት ጋዜጦች ኅብረት አቋቋሙ፤ መቀመጫው ግላስጎ ነው፤ ዛሬ ከ30 በሚበልጡ አገሮች አባል አለው።

አሁን ወደ ጥርጣሬህ። ቤት አልባ ማለት ድልድይ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛ ብቻ አይደለም። ዘመድ ሶፋ ላይ የሚያድር አለ። መጠለያ ውስጥ በተራ የሚያድር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነው የሚኖሩ አሉ። ነገ ከቤት ውጡ የተባሉ አሉ። ለዓመታት ሥራ አጥተው ተስፋ የቆረጡም አሉ። ጋዜጦቹ የተቋቋሙት ለነዚህም ጭምር ነው። ደግሞ አስበው፤ አንዷ ሴትዮ መጽሔት ሸጣ ሸጣ ጠባብ ክፍል ተከራየች እንበል። «እንግዲህ ቤት አግኝተሻል፣ መሸጡን ተይ» ብንላት በወሩ ኪራዩን ከየት ታመጣለች?

የሮማኒያዎቹ ነገር ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ሮማኒያና ቡልጋሪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆኑት በ2007 ነው። እንግሊዝ ግን እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ዜጎቻቸው እንደልብ እንዳይቀጠሩ ገድባ ነበር። የተፈቀደላቸው በራስ ሥራ መተዳደር ነበር። መጽሔት ገዝቶ መሸጥ ደግሞ የራስ ሥራ ነው። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው፤ በአገራቸውም ቀጣሪ ፊቱን ያዞረባቸው ናቸው። የቀረላቸው በር አንድ ነበር፣ በዚያ ገቡ። ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሥራ እያለ መሥራት መከልከል ምን እንደሆነ እኔና አንተ ሰዎቻችን ላይ አይተነዋል። ስዊዘርላንድ ሄደህ ባቡር ጣቢያ ሱርፕሪዝ የሚባለውን መጽሔት የሚሸጡትን ብታያቸው ኤርትራውያን ወንድሞችና እህቶች ታገኛለህ። እነሱንም «ስልክ ይዘዋል» ብለን እንለፋቸው? ስልክ የሌለው ሰው ዛሬ ሥራ የሚጠራው የለም፤ ሻጩም በካርድ የሚከፈለው በስልኩ ነው።

የሚያጭበረብር የለም አልልህም። አንድ የቆየ ኮፒ ይዞ ሳይሸጥ የሚለምንበት ሰው ያጋጥምሃል። መለያው ባጁ ነው፤ ፎቶና ቁጥር አለው። ባጁን አይተህ ግዛ። ጥርጣሬ ካለህ ቁጥሩን ይዘህ ለመጽሔቱ ደውል። ባጁን እያየህ ግን ሴትየዋ የምታሳዝን አይነት ፊት አላት ወይስ የላትም ብለህ አትመርምራት። ያንን የምንመረምረው ምጽዋት ስንሰጥ ነው፤ ዳቦ ስንገዛ ዳቦ ጋጋሪው ምን ያህል እንደተቸገረ አንጠይቅም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ኡበር እነዳለሁ። ሰዎቹን ግሮሰሪ በር ላይ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ፣ መግዛትም እፈልጋለሁ፣ ግን ኪሴ ውስጥ ካሽ ከያዝኩ ዓመት ሆነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ቀላል ነው። «ቬንሞ ትቀበላለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን ማለቴ ነው። ሪል ቼንጅ በስልክ መክፈልን ከጀመረ ቆይቷል፤ ባጁ ላይ የምታነሳው ኮድ አለ። ለንደን ላይም ብዙ ሻጮች ትንሿን የካርድ ማሽን ይዘዋል።

የካሽ መጥፋት እነዚህን ሰዎች ክፉኛ ጎድቷቸዋል። በተለይ ኮሮና ሲመጣ። በመጋቢት 2020 ቢግ ኢሹ ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገድ ሽያጩን አቆመ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ፤ ከእነሱ ግን የሚገቡበት ቤት የሌላቸው ነበሩ። መጽሔቱ በፖስታ በደንበኝነትና በሱፐርማርኬት መሸጥ ጀምሮ ገቢውን ለሻጮቹ እርዳታ አዋለው። ከዚያ ወዲህ ነው የካርዱና የስልኩ ክፍያ የተስፋፋው። ሆኖም ሁሉም ሻጭ የባንክ ሒሳብ የለውም፤ ሒሳብ ለመክፈት አድራሻ ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ የለውም። ስለዚህ መኪናህ ውስጥ አምስት ስድስት ባለአንድ ዶላር አስቀምጥ። ለፓርኪንግ ሳንቲም እንደምናስቀምጠው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አራት ኪሎ ለዓመታት ጋዜጣ አዟሪ ነበርኩ፤ አከራይም ነበርኩ። አሁን ጋዜጣው ራሱ እየጠፋ ነው፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ጓደኞቼ ግማሹ ሎተሪ አዟሪ ሆነ፣ ግማሹ ጎዳና ወጣ። እዚህ እንዲህ ዓይነት ጋዜጣ ለምን አይጀመርም? ቢጀመር እኔ የመጀመሪያው ሻጭ እሆን ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አራት ኪሎን አስታወስከኝ። ሥራ ፈላጊው ድንጋይ ላይ፣ የአጥር ጥግ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ጋዜጣውን በሳንቲም ይከራያል፣ ክፍት የሥራ ቦታውን ገጽ አንብቦ፣ ስልክ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ይመልሳል። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ እዚያ ተቀምጬ ብዙ ጠዋት አሳልፌያለሁ። አከራዩ ልጅ ገንዘብ እንደሌለኝ ሲያውቅ «ነገ ትከፍላለህ» ይለኝ ነበር። አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ጋዜጣ ማዞርን ላንተ ማስተማር አልችልም። ልዩነቱን ግን ልንገርህ። አንተ የምትሸጠው ጋዜጣ የባለቤቱ ነበር፤ ለአንተ የሚደርስህ ትንሽ ኮሚሽን ነው። የጎዳናው ጋዜጣ ግን የሚታተመው ሻጩ እንዲጠቀም ነው። ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ለሻጩ ይቀራል፤ የሕትመቱ ወጪ ደግሞ በማስታወቂያ፣ በልገሳና ለሻጩ በሚሸጥበት ዋጋ ይሸፈናል። እንግዲህ አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ስንቱን ጋዜጣ እንደዘጋ አንተ በዓይንህ አይተሃል። ጋዜጣው በግማሽ ዋጋ ለሻጩ ይሰጥ ከተባለ ሌላውን ግማሽ የሚሸፍን ሰው መገኘት አለበት።

ሁለተኛው ደንብ አስከባሪ ነው። ሻጩ በየቀኑ ዕቃውን ሰብስቦ የሚሮጥ ከሆነ ይሄ ነገር አይሠራም። የዚህ ሥራ ዋና ጉልበቱ ሻጩ አንድ ቦታ መቆሙ ነው፤ በየቀኑ የሚያልፍ ሰው ይለምደዋል፣ ሰላም ይለዋል፣ ሲጠፋ «የት ሄደ?» ይላል። ስለዚህ ከማተሚያ ቤቱ በፊት ከከተማው አስተዳደር ጋር መነጋገር ይቀድማል፤ ባጁ መንገድ ላይ የሚከበር ፈቃድ መሆን አለበት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ጎዳና ላይ ያሉ ሕፃናትን ሻጭ እናድርጋቸው የሚል ሰው ይመጣል፤ አታዳምጠው። ቢግ ኢሹን የሚሸጡት 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ልክም ነው። ለልጅ የሚገባው ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሻጭ ሲሆን ብዙ ሰው ስለሚገዛው ቤተሰቡም አዛዡም መንገዱን እንዲለቅ አይፈልግም።

ግን አይቻልም አልልም። በአፍሪካ ኬፕ ታውን ላይ ቢግ ኢሹ በ1996 ተጀምሮ ሻጮቹ መብራት ላይ በሚቆሙ መኪኖች መሃል ሸጠውታል። ኬፕ ታውንን ካነሳሁ አይቀር፣ የነዚህ ጋዜጦች ሰዎች በ2001 እዚያ ተሰብስበው ሳለ አንድ ስኮትላንዳዊና አንድ ኦስትሪያዊ «ቤት አልባዎች የራሳቸው ዓለም ዋንጫ ለምን አይኖራቸውም?» አሉ፤ በ2003 ኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ላይ 18 ቡድኖች ተጋጠሙ። ዛሬም ይካሄዳል። ከጋዜጣ ሻጮች ወሬ የተነሳ ነገር ነው።

መልኩም አንድ ብቻ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ስትሪት ሺት ለሻጩ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ሽያጩ በሙሉ የሱ ነው። ሙኒክ ያለው ቢስ ደግሞ ከሻጮቹ የተወሰኑትን በቋሚነት ቀጥሮ ደሞዝ ይከፍላቸዋል፣ ጡረታቸውም ይታሰባል። እኔ ብሆን አዲስ አበባ ላይ በትንሹ እጀምር ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ ስምንት ገጽ፣ ሃያ ሻጭ። ውስጡ ሰው ደጋግሞ የሚያየው ነገር ይኑረው፤ ክፍት የሥራ ቦታ፣ የኪራይ ቤት፣ የጤና ጣቢያ መረጃ፣ የሻጮቹ ታሪክ በገዛ አንደበታቸው። ክፍያው በቴሌብር ይሁን፤ መልስ የለኝም የሚባል ነገር እንዳይኖር። መሥሪያ ቤቶችና እድሮች ለወሩ የተወሰነ ኮፒ ለመግዛት ቀድመው ቃል ቢገቡ፣ ሻጩ ደግሞ በእጁ ቢያደርስላቸው፣ ከመንገዱ ሽያጭ ጋር ተደምሮ የሚቆም ይመስለኛል። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ላለው ደግሞ በወር አሥር ጋዜጣ መግዛት አያቅተውም።

ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ይሁን። ኒውዮርክ ላይ የተጀመረው ስትሪት ኒውስ ብዙ ሳይቆይ የገንዘብ አያያዙ ጥያቄ አስነስቶበት ስሙ ተጎድቷል። በድሃ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከታማ መልሶ ማመን ከባድ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ባጅ አንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ነው። ለዚህ ሥራ የሚነሳ ማኅበር ካለ ይጻፍልኝ፤ አድራሻህን ለነሱ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ እናት ነኝ። ልጄ 34 ዓመቱ ነው። ሥራ ካጣ አራት ዓመት አለፈው። መጠጥ ገባበት፣ ከእኔም ከእህቱም ራቀ፣ ስልኩን ዘጋ። ባለፈው ወር አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ «ልጅሽን ዲሲ መንገድ ላይ ጋዜጣ ሲሸጥ አየሁት» አለችኝ። ለሌሎችም ነግራለች። አሁን «የእገሊት ልጅ መንገድ ላይ ይለምናል» ይባላል። አፈርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ። ደግሞ በሕይወት መኖሩን ሳውቅ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሄጄ እጁን ይዤ ላምጣው? ወይስ እንዳያፍር ባላየ ልለፍ? ንገረኝ ልጄ።

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎ እየለመነ አይደለም። ይሄን ለወዳጅዎም እንዲሁ አድርገው ይንገሯት፤ «ልጄ ይሸጣል» ይበሏት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም።

ጋዜጣውን ለመሸጥ ልጅዎ ቢሮ ሄዷል፤ ስሙን አስመዝግቧል፣ የሚሰጠውን ማብራሪያ ተቀምጦ ሰምቷል፣ ደንቡን ፈርሟል። እነዚህ ጋዜጦች ሻጩ ጠጥቶ እንዳይሸጥ፣ መንገደኛውን እንዳያስቸግር ያስፈርማሉ፤ የጣሰ ባጁን ይነጠቃል። እንግዲህ መጠጥ ገብቶበት የነበረ ልጅ ጠዋት ተነስቶ፣ ኮፒ ገዝቶ፣ ለማያውቀው ሰው «እንደምን አደሩ» እያለ ቆሟል ማለት ነው። ድኗል አልልዎትም። ጋዜጣ መሸጥ ቤት አይሆንም፣ ከሱስም አያድንም፤ ገቢውም ትንሽ ነው። ግን ስልኩን ዘግቶ ከተሰወረበት ቦታ ወጥቶ ሰው በሚያየው ቦታ መቆሙን ትንሽ ነገር አያድርጉት።

ሄደው ይዩት። ባላየ ማለፍ አይሆንም፤ እሱ አይቶዎት እርስዎ ዞር ካሉ ያ ነገር አይረሳውም። ግን ብቻዎን ይሂዱ። ዘመድ አዝማድ ሰብስበው አይሂዱ፣ የንስሐ አባትም ይዘው አይሂዱ፤ እሱ ሌላ ቀን ይሆናል። እጁን ይዘው አይጎትቱት። ጋዜጣውን ቀምተው «ና ወደ ቤት» አይበሉት። እዚያ ጥግ ላይ የሚያውቁት ደንበኞች አሉት፤ እነሱ ፊት ልጅ አያድርጉት።

እንደ ማንኛውም ገዢ ቀርበው ሰላም ይበሉት። ይደነግጣል። ሊያለቅስም፣ ሊቆጣም ይችላል። አይቸኩሉ። «አንድ ስጠኝ» ይበሉት። ከዚያ «በሳምንቱ እመጣለሁ» ብለው ይሂዱ፤ በሳምንቱም ይምጡ። ምግብ ይዘው መሄድ ከፈለጉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሁን።

ሌላ ልንገርዎት። ስትሪት ሴንስ ለሻጮቹ የጽሑፍ ክፍለ ጊዜ አለው። ይሰበሰባሉ፣ ይጽፋሉ፣ የጻፉት ይታተማል። ልጅዎም ጽፎ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ መናገር ሲጀምር፣ «ያንተ ጽሑፍ ያለበት አለ?» ብለው ይጠይቁት። ካለ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ያሳይዎት። እንግሊዝኛው ቢከብድዎትም ቤት ወስደው እህቱ ታንብብልዎት። ምናልባት ለእርስዎ ሊነግርዎት ያልቻለውን እዚያ ጽፎት ያገኙታል።

ዝርዝር ገንዘብ ይዘው ይሂዱ። ሃያ ዶላር ሰጥተው መልሱን «ያዘው» እንዳይሉት፤ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያለ ነገር ከእናት ሲመጣ ይከብደዋል። የጋዜጣውን ዋጋ ብቻ ይክፈሉት። ትልቅ ብር ብቻ ካለዎት ደግሞ መልሱን ቆጥሮ ይስጥዎት፣ ይቀበሉት።